የደምቢያ ሰማይና የሞቃዲሾ መዝገብ

ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቆላ ድባ የደምቢያ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ተነሥቶ በሚዘረጋው ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ሜዳው ገላጣ ስለ ሆነ በበጋ ሌሊት ሰማዩ ከአድማስ እስከ አድማስ ወለል ብሎ ይታያል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 4 እና 5 ሌሊት ጌሚኒድ የሚባለው የተወርዋሪ ከዋክብት ዥረት ሲመጣ፣ ከመኖ ክምር አጠገብ ያደረ ሰው ያለ ምንም መሣሪያ ኮከቦቹን ሊቈጥር ይችላል። በክረምት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው የፐርሴይድ ዥረት የሚበረታው ነሐሴ 6 እና 7 ማለትም በፍልሰታ ጾም እኩሌታ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ደምቢያ በደመና ተሸፍኖ፣ መሬቱም ጥቁር ጭቃ ሆኖ ይገኛል። ሰማዩ ሥራውን ይሠራል፤ የሚያየው ግን የለም።

ይህንን የደመና መጋረጃ አልፎ የሚያይ ዘዴ ከተገኘ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እርሱም የራዲዮ ሞገድ ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ታሪክ ዘዴው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እንዴት እንደ መጣ፣ ያስገኘው መዝገብ ምን እንደ ደረሰበትና ዛሬ ማን እጅ እንደሚገኝ ያወሳል። («ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ተወርዋሪ ኮከብ ከስሙ በቀር ከከዋክብት ጋር ዝምድና የለውም። ብዙውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ብናኝ ሲሆን፣ በሴኮንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ወደ አየር ይገባል። ከምድር በላይ ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ሲደርስ ከአየሩ ጋር በመጋጨት ይተንና፣ በኋላው ቀጭንና ረዥም የኤሌክትሮን ዱካ ይተዋል። ይህ ዱካ ለጥቂት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ላነሰ ቅጽበት፣ ከ30 ሜጋ ኸርዝ እስከ 100 ሜጋ ኸርዝና ከዚያም በላይ የሆኑትን የራዲዮ ሞገዶች እንደ መስተዋት ይመልሳል። ቀን ይሁን ሌሊት፣ ደመና ይኑር ጨረቃ፣ ለሞገዱ ልዩነት የለውም። ዱካውንም ከአንድ በላይ በሆኑ ቦታዎች የተቀበለ ጣቢያ የብናኙን ፍጥነትና አቅጣጫ አውቆ፣ ወደ ምድር ከመድረሱ በፊት ፀሐይን ይዞርበት የነበረውን ምሕዋር ያሰላል።

ሐሳቡን በ1929 ያነሣው የጃፓን የፊዚክስ ሊቅ ሀንታሮ ናጋኦካ ነበር። ነገር ግን እንደ ብዙው የራዲዮ ጥበብ ሁሉ ይህም ፍሬ ያፈራው ከጦርነት በኋላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ የብሪታንያ ጦር ወደ ለንደን የሚተኰሰውን ቪ-2 ሮኬት በራዳር ሲጠብቅ፣ ሮኬት ሳይኖር የገደል ማሚቶ የመሰለ ምላሽ እየመጣ ያስቸግር ነበር። ጄምስ ስታንሊ ሄይና ባልደረቦቹ ነገሩን ሲመረምሩ ምላሹ ከተወርዋሪ ከዋክብት ዱካ የሚመጣ መሆኑን ደረሱበት። በጥቅምት 1946 ጃኮቢኒድ የተባለው ዥረት ሲመጣ በርናርድ ላቬልና ጓደኞቹ በጆድሬል ባንክ ከጦሩ በተገኘ ራዳር ተከታተሉት፤ በሚከተለው ዓመትም በቀን ብርሃን የሚመጡ፣ የሰው ዐይን ፈጽሞ አይቷቸው የማያውቅ ዥረቶችን አገኙ። ከእነዚህ አንዱና ብርቱው አሪየቲድ በየዓመቱ ግንቦት 30 ገደማ የሚበረታ ሲሆን፣ የደምቢያ ገበሬ በሬውን ጠምዶ በሚያርስበት ሰዓት ከራሱ በላይ ያልፋል።

ይሁንና እነዚህ ጣቢያዎች ሁሉ ማለት ይቻላል በሰሜን ከፍተኛ ኬክሮስ ላይ የቆሙ ነበሩ፤ ይህም ዋጋ አስከፍሏል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በ50 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ የቆመ ጣቢያ ከሰማይ ወገብ በስተደቡብ ከ40 ዲግሪ በታች ያለውን የሰማይ ክፍል ከቶ አያየውም። ከሃሌይ ጅራታም ኮከብ ብናኝ የተገኘውና ሚያዝያ 28 ገደማ የሚበረታው ኤታ አኳሪድ ምንጩ በሰማይ ወገብ አጠገብ ስለ ሆነ በጆድሬል ባንክ ከአድማስ በላይ ከ36 ዲግሪ ከፍ አይልም፤ በቆላ ድባ ግን እስከ 77 ዲግሪ ወጥቶ ከአናት በላይ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ቆላ ድባ ከደቡቡ ሰማይ ተከልሎ የሚቀርባት በደቡብ ዋልታ ዙሪያ ያለው 12 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ሁለቱንም ሰማይ በአንድ ጣቢያ ለማየት የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ወደ ምድር ወገብ መውረድ ነበረበት።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ እንግዳ አልነበረችም። ጀምስ ብሩስ በ1770 እና በ1771 በጎንደር በተቀመጠበት ጊዜ በኳድራንት የሰማይ ልኬት አድርጓል። አንቷን ዳባዲም በሚከተለው ምዕተ ዓመት አገሩን በሰማይና በምድር ማዕዘን ለክቶ ውጤቱን በፈረንሳይ አሳትሟል። ብሩስ ከልኬቱ ሌላ የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂዎች ይዞ ወደ አውሮፓ መመለሱም የታወቀ ነው፤ ስለ ብርሃናት አካሄድ የሚናገረው ያ መጽሐፍ በምሉዕነት የተገኘው በግዕዝ ብቻ በመሆኑ፣ የውጭ ሊቃውንት ሊያነቡት የቻሉት ከዚህ በሄደው ቅጂ ነው። በጎንደር የተደረገ ምልከታና በጎንደር የተጠበቀ ጽሑፍ ሁለቱም በሻንጣ ተጭነው ሄዱ ማለት ነው። መሄዳቸው ባልከፋ፤ የከፋው ለረዥም ጊዜ ግልባጩ ተመልሶ አለመምጣቱ ነበር።

በ1957 እና 1958 የተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ይህንን ልማድ በመጠኑ ቀየረው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዌን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋሙ። ቦታው የተመረጠበት ብርቱ ምክንያት ነበረው፤ የምድር ማግኔታዊ ወገብ በአዲስ አበባ አቅራቢያ የሚያልፍ ሲሆን፣ ሲድኒ ቻፕማን በ1951 ኤሌክትሮጀት ብሎ የሰየመው የኤሌክትሪክ ጅረት ከዚሁ መስመር በላይ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ በቀን ይፈስሳል። ተወርዋሪ ኮከብ የሚነድበት ከፍታም ይኸው ነው። ከኦብዘርቫቶሪው የተገኘው የማግኔት ልኬት ለጂኦፊዚክሱ ዓመት በተመሠረቱት የዓለም የመረጃ ማእከሎች እንዲቀመጥ በመደረጉ፣ ዛሬ ማንም ሰው የአዲስ አበባን ጣቢያ ምልክት ጽፎ የዚያን ዘመን ቁጥር ከኢንተርኔት ሊያወጣ ይችላል። ኦብዘርቫቶሪው ግን የተወርዋሪ ከዋክብት ራዳር አልነበረውም።

ራዳሩ የቆመው በጎረቤት ነው። በዚያው በጂኦፊዚክሱ ዓመት በካርኪቭ የቦሪስ ካሽቼዬቭ ቡድን የተወርዋሪ ከዋክብትን የራዲዮ ምርምር ጀምሮ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ከ1968 እስከ 1970 ይኸው ቡድን ከሌሎች የሶቪየት የምርምር ተቋማት ጋር በመሆን የምድር ወገብ ጉዞ አዘጋጅቶ፣ መሣሪያውን በ2 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ በምትገኘው በሞቃዲሾ ተከለ። ዓላማው ሁለት ነበር። አንደኛው ከሰሜን የማይታየውን የደቡብ ሰማይ ጨምሮ የብናኞቹን ምሕዋር መመዝገብ ነው። ሁለተኛው ዱካዎቹ በነፋስ ሲገፉ የሚያሳዩትን የሞገድ ለውጥ በመለካት በምድር ወገብ ላይ በ90 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ የሚነፍሰውን ነፋስ ማወቅ ነው። ፊኛ ለማይደርስበትና ሳተላይት ለማይቈይበት ለዚያ ከፍታ የተወርዋሪ ኮከብ ዱካ ከተፈጥሮ የተገኘ የነፋስ ማመልከቻ ሆኖ ያገለግላል።

ዘመኑ ለሶማሊያ የጸጥታ ዘመን አልነበረም። በጥቅምት 1962 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት አብዲራሺድ አሊ ሸርማርኬ ተገደሉ፤ ከስድስት ቀን በኋላም ጦሩ በሲያድ ባሬ መሪነት ሥልጣን ያዘ። ዛሬ በእጅ የሚገኘው የሞቃዲሾ የምሕዋር ስብስብ የ1969 እና የ1970 ነው። ይህም ማለት ከተማይቱ በዚህ ሁሉ ስታልፍ በዚያው ዘመን አንቴናዎቹ የሰማዩን ድምፅ ይቀበሉ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ወደ ስዊድን መሄድ ያስፈልጋል። በሉንድ የነበሩት በርቲል ሊንድብላድ በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ስም ከየአገሩ የተበተኑትን የምሕዋር ልኬቶች ሰብስበው በአንድ ሥርዓት አቀናጁ፤ ማእከሉም በኋላ ወደ ስሎቫኪያ ተዛወረ። በራዳር ከተገኙት ውስጥ በኢሊኖይ የሃርቫርድ ጣቢያ በሁለት ዙር ያስመዘገባቸው ከ39 ሺህ ያላነሱ ናቸው። ከኦብኒንስክ 9,358፣ ከካርኪቭ 5,317፣ ከአውስትራሊያ አደላይድ በሁለት ዙር 3,759 ገብተዋል። ከሞቃዲሾ የገቡት 5,328 ናቸው። ድምሩ ከ62 ሺህ ያልፋል፤ በዚህ ስብስብ ውስጥ ከአፍሪካ ምድር የተገኘው የሞቃዲሾው ብቻ ነው።

እያንዳንዱ መስመር የአንድ ብናኝ ታሪክ ነው፤ የወደቀበት ቀን፣ የመጣበት የሰማይ አቅጣጫ፣ ፍጥነቱ፣ የምሕዋሩም መጠንና ዝንባሌ በቁጥር ተጽፏል። አንድ ነገር ግን ሊታለፍ አይገባም። በመዝገቡ ውስጥ ያለው የተሰላው ውጤት እንጂ ራዳሩ የተቀበለው ጥሬ ምልክት አይደለም። በጊዜው የነበረውን ስሌት በዛሬው ዕውቀት እንደገና ለመሥራት የሚፈልግ ተመራማሪ ከዚህ መዝገብ አልፎ ሊሄድ አይችልም። ለመሐንዲስ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ የአንድን ድልድይ ሥዕል ያለ ስሌቱ እንደ መረከብ ይቈጠራል።

ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ ግን መዝገቡ በሕይወት መኖሩ ራሱ የሚያስገርም ነው። በጥር 1991 የሶማሊያ ማዕከላዊ መንግሥት ሲፈርስ ብዙ የሞቃዲሾ መሥሪያ ቤቶች ከነሰነዳቸው ጠፉ። ከየካቲት 2022 ጀምሮ ደግሞ ካርኪቭ ራሷ በመድፍና በሚሳይል ስትደበደብ ቆየች። ልኬቱ የተወሰደባትም የተሰላባትም ከተማ በየተራቸው የጦር ሜዳ ሆነዋል። ቁጥሮቹ የተረፉት ጥሩ ግንብ ስለ ጠበቃቸው አይደለም፤ ገና በሰላሙ ጊዜ ተገልብጠው ወደ ሌላ አገር ስለ ሄዱና ማንም እንዲወስዳቸው ስለ ተፈቀደ ነው። በብሩስ ሻንጣና በሉንዱ መዝገብ መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ነው።

ኢንተርኔት ከተስፋፋ ወዲህ ነገሩ የበለጠ ተከፍቷል። ከ1993 ጀምሮ በአማተር ራዲዮ ሰሚዎች የሚዘጋጀው የራዲዮ ተወርዋሪ ከዋክብት ምልከታ መጽሔት በየሰዓቱ የተቈጠሩትን ምላሾች በቀለም ሰንጠረዥ እያደረገ በገጹ ያወጣል፤ ቀይ ሲበዛ ዥረቱ በርትቷል ማለት ነው። በቤልጅየም ብራምስ የሚባለው መረብ በ49.97 ሜጋ ኸርዝ ከአንድ ቦታ እያሰራጨ በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች በተተከሉ መቀበያዎች ምላሹን ይቀዳል። ይኸው ቡድን በ2016 የተቀዳውን ሥዕል ለሕዝብ ከፍቶ፣ የትም ያለ ሰው በኮምፒዩተሩ ላይ የተወርዋሪ ኮከቡን ምልክት ከአውሮፕላን ምላሽ ለይቶ እንዲያከብብ ጋብዟል። የሰው ዐይን በዚህ ሥራ ከኮምፒዩተር ፕሮግራም ይሻላል ተብሎ ስለ ታመነ ነው። የቆላ ድባ ተማሪ በዚህ መንገድ የብራሰልስን ሰማይ ሊቈጥር ይችላል። የራሱን የደምቢያን ሰማይ ግን በእነዚህ ገጾች ላይ ቢፈልግ አያገኘውም፤ አብዛኞቹ ጣቢያዎች በአውሮፓ፣ በጃፓንና በሰሜን አሜሪካ ናቸውና።

ይህ ክፍተት የመሣሪያ ውድነት ያመጣው አይደለም። የአማተሩ ዘዴ የራሱን ሞገድ ማሰራጨት አይጠይቅም፤ ከአድማስ ማዶ ያለ፣ በተለመደው መንገድ የማይሰማ ማሰራጫ መርጦ ድምፁ በድንገት ብቅ ብሎ የሚጠፋበትን ቅጽበት መቍጠር ነው። ተስማሚው ርቀት ከ500 እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቆላ ድባ ቢለካ ካርቱምና ጅቡቲ እያንዳንዳቸው 600 ኪሎ ሜትር አለፍ ብለው፣ ጅዳ 1,000 ገደማ፣ ሞቃዲሾ ራሷ 1,450 ያህል ላይ ይገኛሉ። አዲስ አበባና አስመራ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በታች ስለ ሆኑ እምብዛም አይመቹም። እንግዲህ ከደምቢያ ሜዳ ላይ ሆኖ በሦስት አቅጣጫ የጎረቤት አገሮችን የኤፍ ኤም ማሰራጫ ማድመጥ በጂኦሜትሪ ረገድ ይቻላል። የሚያስፈልገው አንቴና፣ ርካሽ የሆነ የኮምፒዩተር መቀበያና ምላሹን የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው። በአውሮፓ የአናሎግ ቴሌቪዥን ማሰራጫዎች ሲዘጉ አማተሮች ዋና መሣሪያቸውን አጥተው መቸገራቸው ቢታወቅም፣ የኤፍ ኤሙ ባንድ በዚህ አካባቢ እንደ አውሮፓው የተጨናነቀ ባለመሆኑ ቦታው የተሻለ ዕድል ያለው ይመስላል።

አንድ ቴክኒካዊ እንቅፋት አለ፤ እርሱም ኤሌክትሮጀት ነው። በማግኔታዊው ወገብ ላይ በቀን የሚፈስሰው ጅረት ራሱ የራዲዮ ሞገድን ስለሚበትን የተወርዋሪውን ምላሽ ከእርሱ መለየት ያስቸግራል። አዲስ አበባ በዚህ መስመር ላይ ናት ሊባል ይቻላል። የጅረቱ ስፋት ከመስመሩ ግራና ቀኝ ወደ ሦስት ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ቆላ ድባ ከአዲስ አበባ ኬክሮስ ሦስት ዲግሪ ተኩል ያህል በስተሰሜን በመሆኗ ከጅረቱ ዳር ወጣ ትላለች። የቀን ዥረቶችን ለመከታተል ይህ ትንሽ የማይባል ብልጫ ነው።

በቅርብ ያለው ተስፋ ከጣና ማዶ ይገኛል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከጎጃሙ የቅኔ ጉባኤ ጋር ስም የሚጋራ፣ ዋሸራ የተባለ የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ አለው፤ ትኩረቱም በአብዛኛው አዮኖስፊር ላይ ነው። በ2012 አዲስ አበባ ስለ ጠፈር አየር ጠባይ ጥናት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ማስተናገዷም መስኩ ባለቤት እንዳላጣ ያሳያል። የላይኛውን ከባቢ ለሚያጠና ላቦራቶሪ የተወርዋሪ ከዋክብትን ቈጠራ መጨመር የሙያ ስፋት እንጂ አዲስ ሙያ አይሆንም። ውጤቱ ከዩኒቨርሲቲው ካዝና ውስጥ ከመቅረት ይልቅ እንደ አዲስ አበባው የማግኔት ልኬት ከመጀመሪያው ቀን ወደ ውጭ ማእከልም እንዲላክ ማድረግ ደግሞ ከአንቴናው ተከላ እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

ምክንያቱም መረቡ ራሱ የማይበጠስ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረዥም ወራት ሲቆይ፣ በስሎቫኪያ የተቀመጠው የሞቃዲሾ መዝገብ ለዓለም ሁሉ ክፍት እንደ ሆነ ነበር፤ በሞባይል ለሚፈልገው የደምቢያ ሰው ግን ከሉንድ ዘመንም ይልቅ ርቆ ነበር። መዝገቡ በመጠኑ ትንሽ ነው። አምስት ሺህ ሦስት መቶ ሃያ ስምንቱ መስመሮች ተራ ጽሑፍ ሆነው ቢቀመጡ ከአንድ ሜጋባይት እምብዛም አይበልጡም። በአንዲት ፍላሽ ተቀድቶ ከጎንደር ቆላ ድባ በሚሄድ ሚኒባስ ቢላክ በአንድ ሰዓት ገደማ ይደርሳል።